ቅቤ የተቀባው የሙሄ ፈረስ

በእኛ ጊዜ፣ መምህር፣ ዝንብ ነከሰኝ ብሎ እንደ አንተ ቆዳውን በጥፍሩ የሚቦጭቅ ሰው አልነበረም፣ ኧረ አትከክ፣ ደማ እኮ! ቅባቱን ስሰጥህ «ይሸታል እማማ» ብለህ መለስክልኝ። ይሸታል! እኔ መቼ ሽቶ ነው አልኩህ? ቤቴን የተከራየኸው ገና ትናንት ነው፣ አሁንም ደብረ ብርሃን ያለህ ይመስልሃል። በል ቁጭ በል፣ የሙሄን ፈረስ ላጫውትህ፣ እናንተም ልጆች ያን ስልክ ዝጉና ስሙ፣ የአያታችሁ ጉድ ነው።

ሙሄ ባለቤቴ ነው፣ አላህ ይዘንለትና። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አምጥተው እዚህ አሶሳ ዳር ሲጥሉን ሌላው ሰው ድስቱን ተሸክሞ መጣ፣ የእኔ ባል ልጓም ይዞ መጣ። ፈረስ የለ፣ ኮርቻ የለ፣ ልጓም ብቻ! እና ግድግዳ ላይ ሰቅሎት እያየ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይልና ይተክዛል። እኔ ደግሞ «አንተን ማን ጫነህ? ውሃ የምቀዳው እኔ፣ እንጨት የምሸከመው እኔ፣ አህያዋስ እኔ ነኝ» እለዋለሁ። አይሰማም።

ታዲያ ደርግ ወደቀና ክልል መጣ። ያን ጊዜ እኛ ሰፋሪዎች ልባችን አላረፈም። ክልሉ የማን ነው? እኛስ የማን ነን? አንዱ «ወደመጣችሁበት ሂዱ ሊሉን ነው» ይላል፣ ሌላው «የት ነው የምንሄደው፣ መሬታችንን ወንድሞቻችን አርሰው በልተውታል» ይላል። እንዲህ እየተባለ ሳለ ከተማው ሜዳ ላይ በዓል ሊከበር ነው፣ እያንዳንዱ መንደር ያለውን ይዞ ይውጣ ተባለ። የአገሩ ሰዎች በርታዎቹ ዙምባራቸውን ይነፋሉ፣ ያን ረጅሙን ጡሩንባ፣ እሱ ሲነፋ እንኳን ሰው ግድግዳው ይጨፍራል። እኛስ ምን ይዘን እንውጣ? የእርዳታ ስንዴ ከረጢት?

«ፈረስ!» አለ ሙሄ።

«ምን?»

«ነጭ ፈረስ። በነጭ ፈረስ የመጣን ሰው ማንም ውጣ አይለውም።»

ሁለት በሬ ነበረን፣ አንዱን ነድቶ ወደ ደጋው ወደ መንዲ ወጣ፣ እና እዚያ ከአንድ ፈረስ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። ነጋዴው ሞኝ አይደለም፣ «በሬህ እኔ ጋ መያዣ ይቆይ፣ ፈረሴን ክረምት ሳይገባ ቆዳው ሳይቆስል ከመለስክልኝ በሬህን ትወስዳለህ፣ ከቆሰለ ወይ ከሞተ ግን በሬው በዚያው ቀረ» አለው። እና ተስማማ! በአንድ በሬ ማን ያርሳል? እኔን ሊጠምደኝ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኮ የእኔን ባል ነው።

ፈረሱ ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ያምር ነበር። ወተት ነው። መንደሩ ሁሉ ወጣ። አጠገባችን የሚኖረው ሐሚድ፣ አህያ ነጋዴው፣ በርታ ነው፣ እሱም መጣና ዞሮ ዞሮ አየው። አህዮቹ ሁልጊዜ ጥቁርቁር ብለው፣ በቅባት ተለውሰው፣ ከኩበት ጭስ ሥር ቆመው ነው የሚያመሹ። እና ሐሚድ ምን ይላል? «ያ ሙሄ! ፈረስ ቆንጆ ናት፣ ወላሂ። ግን ዝንብ እሷን ይበላል። አህያ ጋ ትቁም፣ ጭስ ውስጥ። ቅባት እኔ ይሰጣል።» አማርኛው እንዲህ ነው፣ ምን ትስቃላችሁ? እኔ በርታኛ ስናገር ሚስቱ አሻ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው።

ሙሄ ተቆጣ። «የእኔ ፈረስ ከአህያ ጋር? እንደ አህያ ተለውሶ? እኛ የፈረስ አገር ሰዎች ነን፣ አያያዙን እናውቃለን!» አለ። እና ያዘልሃ! ጠዋት ጠዋት በልብስ ሳሙና ያጥበዋል፣ እስኪነጣ ድረስ፣ ቆዳው ደርቆ እንደ በጋ መሬት እስኪሰነጠቅ። ፈረሱ አፈር ላይ ሊንከባለል ሲል «ተነሥ! ትቆሽሻለህ!» እያለ በገመድ ይጎትተዋል። ሐሚድ አጥር ላይ ተደግፎ «ተዋት ሙሄ፣ አፈር ልብስ ናት ለእሷ» ይለዋል፣ ማን ሰምቶ። ደግሞ ጭራውን እንደ ሙሽራ ሹሩባ ጎነጎነውና በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ አሰረው። አየህ መምህር፣ ዝንቡን የሚያባርርበትን አሰረበት! ይህ ሁሉ ይሁን፣ ቅቤውስ? ልጆቼ ቅቤን በስም የሚያውቁ፣ እኔ ለራሴ ፀጉር አጥቼ የማድር፣ እሱ ከገበያ ቅቤ አምጥቶ ፈረስ ይቀባል! «በአገራችን ፈረስ በቅቤ ነው የሚያብረቀርቀው» ይለኛል። አዎ፣ በአገራችን ብርድ ነው! እዚህ ፀሐይዋ ቅቤውን ታቀልጠዋለች፣ የቆላ ዝንብ ሁሉ «ድግስ አለ» ተባብሎ ይመጣል።

ብቻ ምን አለፋህ፣ በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፈረሱ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ቆሰለ። ፀጉሩ ረገፈ፣ መኖ ተወ፣ ዓይኑን ዝንብ ከቦት አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። እኔ ፈረሱን ሳይ በሬዬ ነው የሚታየኝ፣ ክረምቱ ነው የሚታየኝ፣ የልጆቼ አፍ ነው የሚታየኝ፣ አለቀስኩ። የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር መጣና የገንዲ፣ የዚያ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ፣ መርፌ ወጋው፣ «ግን ዝንቡን ካላራቃችሁ መርፌው ብቻውን አያድነውም» ብሎ ሄደ። ሙሄስ? «ቅቤው አንሶት ነው» አለ። ቅቤው አንሶት!

አርብ ቀን ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድልኝ እኔ ፈረሱን ፈትቼ ወደ ሐሚድ ግቢ ነዳሁት። አሻ እንዳየችን «ያ ሰላም! ምን አደረጋት?» ብላ አፏን ያዘች። እና ሥራ ጀመርን። ያን የተረገመ ጨርቅ ፈታን፣ ጭራውን ለቀቅነው፣ ቅቤውን በአመድና በውሃ አጠብን፣ ቁስሉን የኒም ዛፍ ቅጠል በተቀቀለበት ውሃ ደጋግመን አጠብን፣ ከዚያ የኒም ፍሬ ተወቅጦ ከሰሊጥ ዘይት ዝቃጭ ጋር የተለወሰውን፣ ይኸው ይሄ አንተ ይሸታል ያልከውን፣ ከጆሮው እስከ ኮቴው ቀባነው። ወተት የመሰለው ፈረስ ጥላሸት ሆነ። ጭሱ ሥር ስናቆመው፣ አህዮቹ መሀል፣ ብታምንም ባታምንም፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ እኔም አብሬው ተነፈስኩ።

ሙሄ ሲመጣ በረቱ ባዶ ነው። «ሌባ! ኧረ ሌባ!» እያለ ጮኸ። ሮጦ ሐሚድ ግቢ ገባና አህዮቹ መሀል ቆሞ፣ ፈረሱ አጠገቡ እያለ፣ «ፈረሴን አይታችኋል?» አለ! ሐሚድ ሣቁን መያዝ አልቻለም፣ «ክንድህን ነካች እኮ ሙሄ!» አለው። ዞሮ ሲያየው ኮሶ የጠጣ ሰው መሰለ። «ገደላችሁኝ! በዚህ ጉድ ነው ሰው ፊት የምወጣው? እሺ፣ ቢያንስ ፊቱን እጠቡልኝ!» ብሎ ለመነ። «ፊት አይታጠብም!» አለ ሐሚድ። «ዝንብ ፊት ነው የሚወድ!»

በዓሉ ደረሰ። ቁስሉ መጠገግ ጀምሯል፣ ሽታው ግን እንዳለ ነው። በእግር እንዳይሄድ መንደሩ ሁሉ ፈረስ አለው ብሎ አውርቷል፣ ምን ያድርግ፣ ያን ልጓም ከግድግዳ አወረደና በዚያ ጥቁር፣ በሚገማ ፈረስ ሜዳው ገባ። እኔ ከኋላ ሆኜ ፊቴን በነጠላ ሸፍኛለሁ። መድረክ ላይ አንዱ ባለሥልጣን መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። አለቅን፣ አሁን ውጡ ሊሉን ነው አልኩ። ታዲያ ከዛፉ ጥላ አንድ የበርታ ሽማግሌ በከዘራው ተደግፎ ተነሣና አየሩን አሸተተ፣ እንደገና አሸተተ፣ እና ጮክ ብሎ «ይሄ ኒም ነው! ይሄ የእኛ ቅባት ነው! ይቺ ፈረስ የእኛ ናት!» አለ። ሜዳው በሣቅ ተናጋ። የዙምባራ ነፊዎቹ መጥተው ፈረሱን ከበቡት፣ እየነፉ፣ እየጨፈሩ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ የእኔ ጀግና መሀል ላይ! ያን ጊዜ ነጠላዬን ከፊቴ አነሣሁ፣ አለቀስኩም፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ቤት ሲገባስ ምን አለኝ? «እኔ እኮ አስቀድሜ አስቤበት ነበር።» አስቤበት! ፈረሱን ሐሚድ ጋ አሰነበትነው፣ ቆዳው ደርቆ ፀጉሩ እስኪሞላ፣ ሙሄም ሳይወድ በግድ በየቀኑ ጭሱ ሥር ከሐሚድ ጋር ሲጫወት ያመሻል። ክረምት ሳይገባ መንዲ ወሰደው። ነጋዴው አሸተተና ፊቱን አዞረ፣ ግን በእጁ ቢዳብሰው፣ ቢያገላብጠው፣ ቁስል የለም፣ በሬያችንን ፈትቶ ሰጠው። ያን ዓመት አረስን። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ገበያ ላይ «የሙሄ ቅባት» እያለ ሲመክር ነው የኖረው፣ ሐሚድ እየሰማው! ያን «ካገሩ የወጣ» የሚለውን ተረት ግን ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁትም። ልጓሙንም ለሐሚድ ሰጠው፣ አንዷ አህያው እስክታረጅ ተለጉማ ገበያ ወጣች።

እና መምህር፣ ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ይባላል፣ ልክ ነው፣ አንተ ነገ ተነሥተህ ትመለስ ከሆነ ተወው፣ እከክ። የምትኖር ከሆነ ግን የሚኖርበትን አገር ቅባት ያልተቀባ ቆዳ የዝንብ ቀለብ ነው።

«እሺ እማማ፣ በቃ፣ ትንሽ ያምጡልኝ» አለ መምህሩ፣ ክንዱን እያከከ። «ግን ፊቴን አልቀባም።»

«ዝንብ ፊት ነው የሚወድ!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ፣ እማማም እየሣቁ ቅባቱን ሊያመጡ ተነሡ።