በሩን ዝጋው ብዬ የጸለይኩ ለት

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በዚህ በካልጋሪ፣ በእኛ ቸርች ውስጥ የመኪና መሪ የጨበጠች ሴት አልነበረችም። ትስቂያለሽ አይደል ሜላት? ሳቂ፣ ብቻ ስልክሽ በደንብ ይቅዳ። ለወጣቶች ፕሮግራም ፈር ቀዳጅ ሴት ፈልጉ ተባላችሁና እትዬ ዘነበችን ብላችሁ እስከዚህ እስከ ሰፈራችን ሳቫና መጣችሁ፣ እሷ ደግሞ «እኔ ሥራ አለብኝ፣ እሱን ጠይቁት፣ ወሬ የሱ ነው» አለቻችሁና ኪችን ገባች። ታዲያ እውነቱን ልንገራችሁ። ሚስቴ ፈር ስትቀድ መሬቱን ያደነደንኩባት እኔ ነኝ።

እኔ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ታክሲ ነጂ ብቻ? ኧረ ባክሽ! መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሐበሻ ሁሉ እሁድ ከአምልኮ በኋላ የሚሰለፈው እኔ ዘንድ ነው፣ እኔም ፓርኪንጉ ላይ ደረቴን ነፍቼ «መሪውን እንደ ሰው ያዝ! ምን እንደ ሕፃን ታቅፈዋለህ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ታዲያ የተማሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው፣ ሚስቶቻቸው ልጅ አቅፈው ኋላ ወንበር ላይ ይጠብቃሉ። ዘነበችም እንደዚያው ናት፣ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ትሠራ ነበር፣ ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ሺፍቷ ሲያልቅ እሄድላታለሁ፣ እና መሀል ላይ የኤርፖርት ሰው ከተገኘ ሚስቴን እረሳታለሁ። ማይነስ ሠላሳ! ማይነስ ሠላሳ ላይ ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ቅንድቧ ላይ ያለው በረዶ ሳይሟሟ ሶፋው ላይ ቁጭ አለችና፣ «ታዴ፣ የስኩል ባስ ሹፌር ይፈልጋሉ። የባሱን ትሬኒንግ እነሱ ይሰጣሉ፣ መጀመሪያ ግን የትንሽ መኪና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገኛል። አስተምረኝ» አለችኝ።

«ማ? አንቺ? ባስ?»

«አዎ፣ ባስ።»

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ያን ሁሉ ወንድ ስታስተምር ያልሳቅከው እኔ ጋ ሲደርስ ምን አሳቀህ?» አለች። አፈርኩና እሺ አልኳት።

እና ምን ዓይነት ማስተማር መሰላችሁ! ገና ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ «ብሬክ! ብሬክ ዘኒ! ገደልሽን እኮ!» እላለሁ። «መኪናው እኮ አልተነሳም ታዴ» ትለኛለች። በሁለተኛው ቀን በሩን ከፍታ ወረደችና ከቸርቹ እስከ ቤታችን በእግሯ ሄደች፣ እኔም በመኪና ከኋላ ከኋላዋ እያዘገምኩ፣ መስኮት ከፍቼ፣ «ግቢ እንጂ ሴትዮ፣ ሰው ያያል!» እያልኩ እለምናለሁ። ቤት ስንደርስ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል» አለችና ራሷ ለሮድ ቴስት ተመዘገበች።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ረቡዕ የቤት ለቤት ጸሎታችን እኛ ቤት ነበር። የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል ዘነበች ብድግ አለችና፣ «አርብ ሮድ ቴስት አለብኝ፣ ባስ ነጂ ልሆን ነው፣ ጸልዩልኝ» አለች። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ «መልካም፣ ወንድም ታደሰ ይጸልይላት፣ ባልም ነው፣ ሹፌርም ነው» አለ።

ጠጋ በሉ፣ እሷ እንዳትሰማ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንድትወድቅ ፈልጌ ነበር። አዎ፣ የገዛ ሚስቴ እንድትወድቅ! ፈራሁ ልጆቼ። እንግሊዝኛዬ እንደምታውቁት ነው፣ እዚህ አገር እኔን ሰው ያሰኘኝ መኪና መንዳቴ ብቻ ነበር፣ እና እሷም ከነዳች ምን ልታደርገኝ ትፈልገኛለች? ብዬ ነው። ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ከሆነ ይሁንላት፣ ፈቃድህ ካልሆነ ግን በሩን ዝጋው! አዎ ጌታ፣ ጥርቅም አድርገህ ዝጋው!» አልኩ። ጉባኤው ምን ያድርግ፣ «አሜን!» አለ። አንድ ዓይኔን ገልጬ ሳይ፣ ዘነበች ሁለቱንም ገልጣ ታየኛለች።

አርብ ወደቀች። እኔ ውጭ እየጠበቅኩ ነበር፣ መጣችና ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ምን አሉሽ?»

«ስቶፕ ምልክቱ ላይ አልቆምሽም አለኝ።»

«ምነው፣ ለምን አልቆምሽም?»

«ቆሜያለሁ! አንተ እንደምትቆመው ነው የቆምኩት!» አለችኝ። «ሰውዬው ‹ማነው ያስተማረሽ?› አለኝ፣ ‹ባሌ› አልኩት፣ ‹ለመሆኑ ባልሽ መንጃ ፈቃድ አለው?› አለኝ።»

ለካ እኔ ስቶፕ ላይ ቆሜ አላውቅም! ለምልክቱ ሰላምታ ሰጥቼው ነው የማልፈው። በሩን ጌታ እንዲዘጋው ለምኜ፣ ለካ የዘጋሁት ራሴ ነኝ፣ በእግሬ!

ከዚያ በኋላ እኔን ተወችኝ። አንዲት ህንዳዊት የመኪና አስተማሪ አገኘች፣ ሴትዮዋም «የኔም ባል ስቆብኝ ነበር» አለቻት አሉ፣ እና ሁለቱ ይህችን በምታህል እንግሊዝኛ ተግባብተው ከተማውን አዳረሱት። ከወር በኋላ ረቡዕ ዘነበች እንደገና ተነሣች። «ቅዱሳን፣ አርብ ደግሜ ልፈተን ነው። ጸልዩልኝ። ታዴ ግን አይጸልይ» አለች። አንዷ እህት አልቻለችም፣ ፍርስ ብላ ሳቀች፣ እና ቤቱ ሁሉ ተከተላት፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ የማነብ መሰልኩ። ያን ቀን ሴቶቹ ብቻ ጸለዩላት። አለፈች።

ባሱንም ነዳችው፣ ያንን ቢጫውን! በጋ ላይ የሰንበት ትምህርት ልጆችን በኪራይ ባስ ጭና ቸስተርሚር ሐይቁ ድረስ ስትወስድ፣ እናቶቹ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው እልል አሉ። በሚቀጥለው እሁድ አራት ሴቶች መንዳት አስተምሩን ብለው መጡ። እኔም ኮቴን አስተካክዬ ተነሣሁ። ለካ የመጡት ወደሷ ነው!

ታዲያ የዛሬ ሦስት ዓመት ዓይኔን ግላኮማ ያዘኝና ዶክተሩ «ከእንግዲህ መንዳት የለም» አለኝ። ፓርኪንግ ላይ ቁልፌን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አዎ አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል። ዘነበች መጥታ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች፣ እኔም አሁን ትስቅብኛለች፣ የዚያን ቀኑን ሳቄን ትመልስልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ግባ፣ ይበርድሃል» አለችኝ፣ በቃ። እስከ ዛሬ ብርድ ላይ አንድም ቀን አላስጠበቀችኝም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ብሬክ እየመሰለኝ ባዶ ወለል እረግጣለሁ፣ እሷ ስቶፕ ላይ ጸጥ አድርጋ ታቆምና፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ለኔ እኮ ነው።

— ጋሼ፣ ሶሪ፣ ላቋርጥዎት። ላይክ… አክቹዋሊ እኔም ፍራይዴይ ሮድ ቴስት አለብኝ። ፕሬይ ያደርጉልኛል?

ማ? እኔ? ሜላት፣ ይህን ሁሉ ስቀጂ ቆይተሽ እኔን? ኧረ ተዪ፣ ልጄ! እትዬ ዘነበችን ለምኛት፣ የሷ ይሰማል።

— ታዴ! (ከኪችን ነው።) ያኔም አውቄብሃለሁ! ጸልይላት። ግን ጮክ ብለህ፣ እኔ እየሰማሁ።