የፍራው ሞሪ ትንንሽ ሳህኖች

አቶ ገሰሰ ወደ ሃይሙ የሄዱት ሊያዩ እንጂ ሊገቡ አልነበረም። ይህንኑም ሽትራሰንባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ተቀምጠው ለራሳቸው ሦስት ጊዜ ነግረውታል። ሃይም ማለት ጀርመኖች አረጋውያንን የሚጦሩበት ቤት ነው። መቼም ያልደረሰበት ሰው ስሙን በቀላሉ ይጠራዋል፤ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶት ከገዛ ልጁ አፍ የሰማው ሰው ግን ምን እንደሚሰማው እሱ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ገሰሰ በተማሪነት ፍራንክፈርት መጥተው፣ አገር ሲታመስ መመለሻ አጥተው እዚሁ ቀሩ፤ በንድፍ ሠሪነት ሠርተውም ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ጋሉስ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺወርቅ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩት እዚያ ነው፤ እሳቸውም ከአራት ዓመት በፊት ያረፉት እዚያው ነው። በዚያ በፈረንጆቹ 2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ስኳሩና ክብደቱ ተባብረው ጣሏቸው። አንድ ቀን ሦስተኛው ፎቅ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቀሩ፤ ጎረቤት ነው ደግፎ ያስገባቸው። ሙኒክ የሚኖረው ልጃቸው ፍሬው ይህን ሲሰማ ሃይም አፈላልጎ አስመዘገባቸው።

«አባዬ፣ ተራዎ መስከረም ላይ ይደርሳል» አላቸው በስልክ። «እስከዚያ ደረጃዎን ራስዎ መውጣት ከቻሉ አንድ ቃል አልናገርም። ካልቻሉ ግን ይግቡልኝና እኔም እንቅልፍ ልተኛ።»

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። አባትም ይህን ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ግን ሆዳቸውን አላራራውም።

ቤቱን የምታስጎበኘው ሴት ሥራ ስለበዛባት ምግብ አዳራሹ ውስጥ ጠብቁኝ አለቻቸው። እዚያ ተቀምጠው ሲቆዝሙ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ቀና ቢሉ የሠራተኛ ልብስ የለበሰች አንዲት ወጣት ናት። ሕሊና ትባላለች፤ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ተቀጥራለች። አቶ ገሰሰ ደስም አላቸው፣ አፈሩም። ሐበሻ ሃይም ውስጥ ቢያገኛቸው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሬው ቀድሟቸው ይደርሳልና። ልጅቷ ግን ለምን እንደመጡ አልጠየቀችም። አጠገባቸው ለተቀመጡት አንዲት ደቃቃ አሮጊት ገበታ እያስተካከለች ነበር።

አሮጊቷ ፍራው ሞሪ ይባላሉ፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው፤ ጃፓናዊት ናቸው። ባላቸው ለንግድ ሥራ ተልከው ሲመጡ አብረው መጥተው የቀሩ፣ ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው። ምሳቸውን ሴት ልጃቸው በየቀኑ ከቤት ታመጣላቸዋለች። ፊታቸው አምስት ትንንሽ ሳህን ተደርድሯል። በአንዱ ጭብጥ የማትሞላ ሩዝ፣ በአንዱ ከተብላላ አኩሪ አተር የተሠራ ሾርባ፣ በአንዱ ቁራሽ ዓሣ፣ በቀሩት ቅጠላ ቅጠልና ከአኩሪ አተር የተሠራ አይብ መሳይ ነገር። አሮጊቷ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ቀስ እያሉ በሉ። ልጃቸው ሩዝ ልትጨምር ስትል መዳፋቸውን ሳህኑ ላይ ከደኑበት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አንድ ነገር አሉና ተነሡ። ማንም ሳይደግፋቸው ወደ አትክልቱ ቦታ ወጡ።

አቶ ገሰሰ በዓይናቸው ሸኟቸው። የበሉት የወፍ ቀለብ ነው፣ ይህን በልቶ ዘጠና ስድስት መድረስ የዘር ጉዳይ መሆን አለበት፣ ፈጣሪ ለጃፓኖች ያደለው ነው አሉ። ሕሊና አጠገባቸው ተቀመጠች። ዘርም ድርሻ አለው አለች በትሕትና። ነገር ግን ትምህርት ቤት እንደተማሩት ከጃፓን ወጥተው እንደ ፈረንጅ መብላት የጀመሩት ሰዎች የልብ በሽታው አልማራቸውም፤ ደሙ ያው ደም ሆኖ ገበታው ሲለወጥ ጤናውም ተለወጠ። ሁሉ ነገራቸው ይቀዳ ማለቷም እንዳልሆነ ጨመረችላቸው። የጥንቱ ምግባቸው ጨው ይበዛበት ስለነበር ብዙ ሰው በአንጎል ደም መፍሰስ ይሞት ነበር፤ ይህንን ራሳቸው አይተው ጨዉን ቀነሱ። ጥራጥሬውን፣ አትክልቱን፣ ዓሣውን፣ ሳይጠግቡ መነሣትን ግን አልተዉም።

«እርስዎስ፣ ጋሼ፣ ምን ይመገባሉ?»

እዚህ ላይ አቶ ገሰሰ ኮራ አሉ። እሳቸው በምግብ ተቸግረው አያውቁም። የሺወርቅ ካረፈች ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፍሪዘራቸውን ባዶ አድርገውት አያውቁም፤ በተለይ ወይዘሮ ውድነሽ። አሁን የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው፤ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር ጾም አይሆንም ስላሉ፣ ውድነሽ ራሷ እየጾመች ለእሳቸው ዶሮ ትሠራላቸዋለች። ጾመኛ ናትና አትቀምሰውም፤ ጨዉን በግምት፣ ቅቤውን በፍቅር ነው የምትጨምረው።

ሕሊና ሳቋን ዋጠች። «ሐኪሙ የከለከሉት እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ እህል መቆየቱን ነው። ምስሩን መቼ ከለከሉ?»

ልጅቷ ቀጠለች፤ ወይዘሮ የሺወርቅ በጾም ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ምስር፣ አሉ አቶ ገሰሰ። ክክ አልጫ። ጎመን። ጥቅል ጎመን በካሮት። ተልባ፣ ሱፍ፣ ሽምብራ። ከዓመቱ ከግማሹ የሚበልጠው ጾም ነው፤ ሙሉውን ትጾመው ነበር። እየቆጠሩ ሳሉ ዓይናቸው የፍራው ሞሪ ባዶ ሳህኖች ላይ አረፈ። ያቺ ሁልጊዜ «ትንሽ ነው የምትበዪው» እያሉ የሚቆጧት ሚስታቸው እስከ መጨረሻው ሕመሟ ድረስ ደረጃውን እንደ ልጅ ትወጣው ነበር። ከባድ ዘንቢል ይዛ፣ እሳቸውን ከኋላ አስከትላ።

እኛ ሐበሾች የራሳችንን መልካም ነገር በሌላ ሰው ሳህን ላይ ካላየነው አናምንም፤ ይህ የቆየ በሽታችን ነው። አቶ ገሰሰም ቢሆኑ ወዲያው እጅ አልሰጡም። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበርና በመጨረሻ አወጡት።

«ልጄ፣ ልክ ነሽ እንበል። ውድነሽን ግን ምን ብዬ በቃኝ ልበላት? የሺወርቅ ስትታመም ስምንት ወር ሙሉ እየተመላለሰች ያጠበቻት እሷ ናት። የእሷን ድስት መመለስ ውለታዋን መካድ ነው። አልችልም።»

ሕሊና ባዶዎቹን ሳህኖች መደራረብ ጀመረች። «ፍራው ሞሪ እጃቸውን አጋጥመው የሚሉትን ጠይቄያቸው ነበር» አለች። «ላበሰለው፣ ላመረተው፣ ለደከመበት ሁሉ ምስጋና ነው አሉኝ። ጋሼ፣ እሳቸው አመስግነው ያቆማሉ። እኛ ግን ለማመስገን ብለን እንጨምራለን። ወይዘሮ ውድነሽ እኮ የሚፈልጉት እርስዎን እንጂ ባዶ ድስት አይደለም። ይህ ፍቅራቸው እዚህ ሃይም እንደሚያስገባዎት ቢያውቁ ይተኛሉ?»

አስጎብኚዋ መጣች። አቶ ገሰሰ ክፍሉን አዩት፤ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። የሺወርቅ ግን ያንን መስኮት ከፍታው አታውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ውድነሽ ድስታቸውን ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ። አቶ ገሰሰ አስቀመጧቸውና፣ ለአንድም ሰው ያልነገሩትን ነገሯቸው። በቃኝ የሚሉት ወጡ ከፍቶባቸው እንዳልሆነ፣ ደረጃቸውን መውጣት እንዳቃታቸው፣ መስከረም ላይ ሃይም ሊገቡ እንደሆነ፣ እዚያም አንዲት ጃፓናዊት ምን ሲበሉ እንዳዩ። ወይዘሮ ውድነሽ መጀመሪያ ከፋቸው፤ «ወጤ ነው የገደለዎት በሉኛ» ብለው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ የጃፓኗን ሴትዮ ገበታ አንድ በአንድ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ሰምተው ሲጨርሱ ትንሽ ተናደዱ።

«ይኼማ የየሺወርቅ የጾም ገበታ አይደለም እንዴ? ዓሣ ብቻ ነው የተጨመረበት። ታዲያ እኔ የጾም ምግቤን በልቼ የሚተርፈኝን ለእርስዎ ማምጣት ስችል፣ ለምን በጾም ዶሮ ስገነጥል ከረምኩ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በእጃቸው ያዙት። ትልቁ ድስት ቀርቶ በትንንሽ ሳህን ምስር፣ ጎመን፣ ክክ ይመጣ ጀመር፤ ዘይቱ በማንኪያ፣ ጨዉ በቁንጥጫ፣ ደግሞም ተቀምሶ። እንጀራው ግማሽ ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን ዓሣ ገባ። አቶ ገሰሰም ምሳ በልተው መተኛትን ትተው፣ አዲስ የሚሠራውን የኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ክሬኖች እያዩ በእግር ዞረው መመለስ ለመዱ፤ የድሮ ንድፍ ሠሪ ናቸውና ሕንፃዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይተቹ ነበር። ሐኪሙ በሰኔ ሲያዩዋቸው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጡ። ስኳሩ ወርዷል፤ የኢንሱሊን መርፌ ይጀመራል የተባለው ቀረ፤ ኪኒኑ ግን አልቀረም፣ እሳቸውም ይቅር አላሉም። አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሰዋል። ጉልበታቸውም የተሸከመው ሲቀልለት መንቋቋቱን ተወ። የጽዋ ማኅበራቸው አባላት ይህን አይተው በየወሩ የሚቀርበውን ምግብ አሳነሱ፤ አብዛኞቹም ስኳርና ግፊት ነበረባቸው፣ እስከዚያ ግን ማንም ደፍሮ አይናገርም ነበር።

መስከረም ላይ ፍሬው የሃይሙን ውል ይዞ ከሙኒክ መጣ። አባቱ ታች በር ላይ ጠብቀው፣ በእጁ የያዘውን ዘንቢል ተቀብለው ቀድመውት ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፍሬው ሊጠይቅ የነበረውን ነገር ረሳው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ የቢሮ ሰው ነው፣ ሆዱም ወጣ ወጣ ብሏል። አቶ ገሰሰ ከላይ ሆነው በሩን ከፍተው ጠበቁት። ልጁ ውሉን ከቦርሳው አላወጣውም።

ማዕድ ላይ ወይዘሮ ውድነሽ ልማድ አሸነፋቸውና እንጀራ ጠቅልለው «አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ» አሉ። አቶ ገሰሰ መዳፋቸውን ሳህናቸው ላይ ከደኑ።

«ውድነሽ፣ አራት ዓመት አብልተሽኛል። አንድ ቀን ግን በደንብ አመስግኜሽ አላውቅም፤ አፌ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወይዘሮ ውድነሽ ጉርሻውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ጉርሻውን ለሁለት ከፈሉና ትንሹን ለፍሬው አጎረሱት።

በሳምንቱ አቶ ገሰሰ በትንሽ ሳህን ምስር አልጫ ይዘው ወደ ሃይሙ ሄዱ፤ ፍራው ሞሪንና ሕሊናን ሊያመሰግኑ። ፍራው ሞሪ ሦስት ማንኪያ ቀምሰው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሳህኑን በመዳፋቸው ከደኑት፤ አቶ ገሰሰም እጃቸውን አጋጥመው አንገታቸውን ሰበር አደረጉላቸው። ሲወጡ በሩ ላይ የተቀመጠችው አዲስ ሠራተኛ ሽማግሌው ብቻቸውን ሊወጡ መሆኑን አይታ ደነገጠች፤ የትኛው ክፍል እንደሆኑ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«እኔ?» አሉ አቶ ገሰሰ ኮታቸውን እየቆለፉ። «እኔ ጋሉስ ነኝ። አራተኛ ፎቅ።»