ክዳኑ ላይ የተጻፈው

— ሄሎ… አዎ፣ ዓሣ ቤቱ ነው… አንቺ ነሽ እንዴ ዶክተርዬ? … ይሰማኛል። አዳራሹ ሞላ?

የምርምር ማዕከሉ ዓሣ ጠባቂ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ እጁን በሽርጡ ጠረገ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዓሣ ቤት ደውሎ ያመሰገነ ሰው የለም። ዶክተሯ ግን ስለ ጥናቷ የምታደርገው ንግግር ሊጀምር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደውላ ታመሰግነው ጀመር።

— ስሜን? … መጨረሻው ስላይድ ላይ? … ኧረ ተይ…

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

— እትዬ፣ ያን ባልዲ እስቲ ውጭ አውጪልኝ… አንቺን አይደለም ዶክተርዬ፣ ጽዳቷን ነው። ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ያ ፍሬን ያልሽው… ሦስተኛው ጂን። እሱ ሲጠፋ የዓሣው ፅንስ ህዋሶች መከፋፈል አያቆሙም ያልሽው… እሱን አትናገሪ።

ጽዳቷ ባልዲውን አላወጣችም። የወለወለችውን ወለል እንደገና መወልወል ጀመረች።

— ሳህኖቹ ናቸዋ። የሦስተኛውና የአምስተኛው ጂን ፅንሶች ያሉባቸው። ክዳናቸው እንፋሎት ይዞ ፅንሶቹ አልታይ ሲሉኝ ክዳኖቹን ከፍቼ ፎጣ ላይ አደረቅኋቸው። … ሁለቱንም ባንዴ። ስመለስ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። … ቁጥሩማ ክዳኑ ላይ ነበር። … እኔ ነኝ የጻፍኩት። … እኔው።

«ክዳን ይሄዳል፣ ሳህን ይቀራል» እያለ ስንቱን ተማሪ ያሸማቀቀ ሰው ነው። አዲስ የመጣ ሁሉ ቁጥሩን ሳህኑ ሆድ ላይ ጽፎ፣ ጮክ ብሎ ካላነበበለት ዓሣ አያስነካም ነበር። ዶክተሯንም በጊዜዋ አስነብቧታል።

— ገምቼ ከደንኳቸው። … በማግስቱ ልነግርሽ ስመጣ ውጤቱን አይተሽ በደስታ ስትዘይ አገኘሁሽ። ደስታሽን እንዳላበላሽ… አይ፣ እሱም ውሸት ነው። አፍሬ ነው።

የጽዳቷ መወልወያ ቆመ።

— ሄሎ… አለሽ? … ስሜን አውጪው፣ በሞቴ። … ይቆይ? … «ሙከራው ይደገማል» ብለሽ ልትነግሪያቸው? የክዳኑንም ነገር? … እሺ። … ነገ ጠዋት መብራቱ ሲበራ ዓሦቹ እንቁላል ይጥላሉ፤ እደግመዋለሁ። … አሁን? በስልክ?

ሁለት ባዶ ሳህን አወረደ፣ ገለበጣቸው፣ ጻፈ።

— ጻፍኩ። … ጮክ ብዬ? ዶክተርዬ፣ ሰው አለ እኮ እዚህ… እሺ።

ጀርባውን ለጽዳቷ ሰጠ።

— ሦስት። … አምስት። … አዎ፣ ሳህኑ ላይ።

ከወዲያ ተዘጋ። እሱ ግን ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቆየ፤ ቢያወርደው ወደ ጽዳቷ መዞር ሊኖርበት ነው።