አንተ ጋ እንዴት ደረሰ?

ክቡራትና ክቡራን፣ የፓርኪንጉ ባልደረቦቼ፤ ከሥራ ወጥታችሁ እግራችሁን እንኳ ሳታሳርፉ ስለመጣችሁልኝ አክባሪ አይንሳችሁ። ወይዘሮ ዓለምፀሐይም ምግብ ቤታቸውን ለእኛ ብለው ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪና የሚያቆም ሰው በመስኮት ካያችሁ ቁልፍ ልትቀበሉ እንዳትነሡ፤ ዛሬ እንግዶች ነን።

እንደምታውቁት ጉልበቴና የቤት ኪራዩ ተማክረው አስወጡኝ። ሰኞ ፍሬስኖ ከተማ እገባለሁ። ቤቱ ርካሽ ነው፤ የማውቀው ሰው ግን አንድም የለም።

ያን የኦክቶበር ጠዋት ታስታውሳላችሁ? ምድር የተንቀጠቀጠች ዕለት እኔ የፓርኪንጉ ላይኛው ፎቅ ነበርኩ። ወለሉ ሲወዛወዝ «ወንድይፍራው፣ ደግሞ ምሰሶ ገጨህ?» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ። ምን ላድርግ፣ ልማዱ ነው። እሱ ሆዬ ታች መኪና እየነዳ ነበርና ምንም አልተሰማውም።

«ምን ትጮሃለህ ጋሼ?» አለኝ። አንቱታውን ኤርፖርት ጥሎት ነው የመጣው።

ኸይሪያ ደግሞ ካሸር ክፍሏ ውስጥ የመኪናው ቁልፍ ሁሉ ከሰሌዳው ረግፎባት ጠረጴዛ ሥር ገብታለች። ሬዲዮው «አምስት ነጥብ ዘጠኝ» ሲል ተናደደች።

«ውሸት ነው፤ እኔ ጋ አሥር ነበር።»

«እኔ ጋ ዜሮ» አለ ወንድይፍራው። ተጣሉ።

እኔ ደንበኞች ትተውት በሄዱት ጋዜጣ የተማርኩ ሊቅ ነኝና አስታረቅኋቸው። ሬዲዮው የተናገረው ማግኒቲዩዱን ነው፤ ምድር ከሥሯ የለቀቀችውን ጉልበት። ግሌንዴል ሁኑ ዌስትውድ፣ ቁጥሩ ያው አንድ ነው። ኢንቴንሲቲ ግን እናንተ የቆማችሁበት ቦታ የደረሰው ነው። ቅርብ ነበራችሁ? አፈሩ ልል ነው? ምን ወደቀ? ማን ደነገጠ? እሱን ለማወቅ ሊቃውንቱም ሰው መጠየቅ አለባቸው።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኳቸው።

«ቁልፉን ማን ይለቅማል ታዲያ?» አለች ኸይሪያ። እኔ ለቀምኩ።

ከዚያ ሁላችሁ የሕዝብ ስልኩ ጋ ተሰለፋችሁ። ለሚስት፣ ለወንድም፣ ለክርስትና እናት፤ «ተሰማሽ? ተሰማህ?» እኔም ሳንቲሜን ይዤ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ የምደውልለት ሰው እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። ሰው እያየኝ እንዴት ልመለስ? ሰዓት የሚናገረው ቁጥር ላይ ደወልኩ። በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮ ሰዓቱን ነገረችኝ፤ እኔም «ደህና ነኝ» አልኳት።

ማታ ቤቴ ስልክ ጮኸ። ወንድይፍራው ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልተሰማኝም። እስቲ አንተ ጋ እንዴት ደረሰ?»

ነገርኩት። ስለ ፎቁ፣ ስለ ጉልበቴ፣ መያዣ አጥቼ የሰው መኪና ስለማቀፌ። ሳቀብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስልኩን ዘግቼ ከጠዋት ጀምሮ ያላወለቅሁትን ጫማዬን አወለቅሁ።

ፍሬስኖ ማን ይጠይቀኛል? የከበደኝ እሱ ነው፤ ሻንጣው አይደለም።

በሉ እንግዲህ፣ ከእግራችሁ በታች ያለው ምድር ይርጋላችሁ። ልጆቻችሁን ቁልፍ ሰጪ እንጂ ቁልፍ ተቀባይ አያድርግባችሁ። ምሰሶውን ከወንድይፍራው ይጠብቅልኝ። ኸይሪያ፣ አሚን በይ እንጂ።

ምድር ስትነቃነቅ ደግሞ «ስንት ነበር?» ብላችሁ እንዳትደውሉ፤ እሱን ሬዲዮው ይነግረኛል። «አንተ ጋ እንዴት ደረሰ?» በሉኝ።

ባትነቃነቅም ደውሉ።