የኔታ ያስጻፉት

— ሄሎ... አቤት... ታረቀኝ? የቱ ታረቀኝ?... እህ፣ የዲማው ዲያቆን። አሁንም አልተነሳም እንዳትለኝ።

ዓለምነው ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ፣ በሁለት እጁ የሰው ላፕቶፕ እየፈታ ነበር። ታረቀኝ ሲደውል ይህ ሦስተኛው ነው፤ አዲስ ዊንዶውስ የሚጫንበትን ፍላሽ በሚኒባስ ከላከለት ሁለት ቀን አልፎታል።

— ሰካኸው?... እና ምን ይላል?... «ኖ ቡት»። ይላላ። አጥፍተህ አብራው ብዬህ የለ?... እንዴት አድርገህ ነው ያጠፋኸው?... ክዳኑን?... ሰልማ፣ ስሚልኝማ፣ ክዳኑን ዘግቶ ነው ሁለት ቀን ሙሉ «አጠፋሁት» የሚለኝ።

ፎቶ ኮፒ ልታደርግ የመጣችው ሰልማ ፈገግ አለች።

— ታረቀኝ፣ ዳዊት መሰለህ እንዴ፣ ዘግተህ ማኅደር ውስጥ የምትከተው? ማብሪያውን ተጫንና እስኪጨልም ያዘው... ጨለመ? ተመስገን። አሁን አብራና ወዲያው ኤፍ አሥራ ሁለትን ደጋግመህ ምታ... ዘገየህ። እንደገና... አሁንም ዘገየህ፤ እጅህን ማን አሰረው?... ዝርዝር መጣ? ዩኤስቢ የሚለውን ምረጥ... እ? የየኔታ ምን?... እሱን በኋላ። መጀመሪያ ማሽኑ ይነሳ።

የኔታ ፍቅረ ሥላሴ የታረቀኝ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የትም ብራና ላይ ያልሰፈረውን፣ በቃላቸው ብቻ የያዙትን ትርጓሜ ሦስት ዓመት ሙሉ እየነገሩት፣ እሱ በዚያ ላፕቶፕ ሲጽፍ ኖሯል። ዓለምነው ይህን ያውቃል። ግን ያን ሁሉ ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ሰው አንድ ማሽን ማጥፋት አለመቻሉ ንቀቱን አብሶበታል።

— ኢንስቶል በል... ኔክስት... ደግሞ ጀመርክ? እናንተ ጉባኤ ቤት መምህር ሲናገር ተማሪ ያቋርጣል?... አያቋርጥም አይደል? አሁን መምህርህ እኔ ነኝ። ዝም ብለህ የምልህን አድርግ። ትሰማኛለህ?... የዲስኩ ክፍሎች፣ ሦስት መስመር መጣ? የመጀመሪያውን ምረጥና ዲሊት በለው... ሁለተኛውንም... ሦስተኛውንም፣ ምን ታለቃቅሳለህ? አንድ ባዶ መስመር እስኪቀር ሰርዘው... ቀረ? ኔክስት። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ያደረቅከኝ።

ሰልማ ኮፒዋን ይዛ ወጣች። ታረቀኝ ሩብ ሰዓት ያህል መቶኛውን እየቆጠረ ሲነግረው፣ ዓለምነው ትምህርቱንም አቆጣጠሩንም ሲያብጠለጥልበት ቆየ።

— ተነሳ? አየህ?... አዎ፣ ሰማያዊ ነው፣ ያምራል... ምኑ የለም?... የየኔታ ጽሑፍ?... ዲ ውስጥ እየው... ዲ ራሱ የለም?

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሱቁ የመጣን ሰው ሁሉ፣ ገና ላፕቶፑን ከቦርሳው ሳያወጣ፣ «የሚፈለግ ነገር አለበት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ታረቀኝን አልጠየቀውም። አሁን ደግሞ በተሰረዘው ላይ አዲስ ዊንዶውስ ተጽፎበታል፤ የጠፋው አይመለስም።

— ሌላ ቦታ አልገለበጥከውም?... ወረቀት ላይስ?... ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?... አዎ... አዎ፣ ዝም በል ብዬሃለሁ... አታልቅስ፣ ቆይ። አጠገብህ ማን አለ?... አትስጣቸው። ታረቀኝ፣ ስልኩን አትስጣቸው —

ከወንበሩ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ እሱም አላወቀም።

— ደህና ነዎት፣ የኔታ?... እግዚአብሔር ይመስገን... አዎ፣ ማሽኑ ተነስቷል... አሜን... አሜን፣ የኔታ፣ ምርቃትዎ ይድረሰኝ... ምን እንዲያነብልዎ?... ባለፈው ካቆማችሁበት?

የሽማግሌው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር። መልሱን እየጠበቁ ነው።

— የኔታ... አይሰማም... ኔትወርኩ አስቸግሮኛል፤ አይሰማኝም —

አለና ዘጋው።