ባዶ ኮርቻ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት ተማሪና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም።

«ምነው ልጄ፣ ወረቀቱን ጨመደድሽው?»

«የአማርኛ ፈተና ነው አባባ። ዜሮ አገኘሁ።»

«ዜሮ? ምን ብለሽ ጽፈሽ?»

«አጭር ታሪክ አንብበን ነበር። ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ሰው ሳይቀመጥበት እየተሳበ በመንደር ያልፋል። ጥያቄው ‹ሲያልፍ ምን ተሰማችሁ?› ይላል።»

«አንቺስ?»

«ሐዘን አልኩ። ባለቤቱ ሞቷል፣ ወደ ለቅሶ እየወሰዱት ነው ብዬ ጻፍኩ።»

«ታዲያ ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ከለቅሶ ሌላ ለምን ይሳባል? ይኼን የእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል!»

«መምህሩ ከሌላ አገር ነው የመጣው። መልሱ ደስታ ነው፣ ፈረሱ ሙሽራ ሊያመጣ እየሄደ ነው አለ።»

«አፍ የለሽም? አትነግሪውም?»

«ነገርኩት። አባቴ ሲሞት የፈረሱን ልጓም ይዤ ለቅሶው መሀል ያዞርኩት እኔ ነኝ አልኩት።»

«እኔን! የሚያዞረው ወንድ ልጅ ነበር፤ ወንድም የለሽም?»

«የለኝም።»

«መምህሩስ ምን አለ?»

«‹ስለ አባትሽ ማን ጠየቀሽ?› አለኝ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍሱን ይማር። በይ እንግዲህ፣ ሌላ ጊዜ መምህሩ የሚለውን ጻፊለትና እለፊ።»

«ከዚያ ቀን ወዲህ እሱንማ እያደረግኩ ነው። ግን አሁን ሳነብ ምንም አይታየኝም፣ አባባ። እሱ እስኪነግረን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

የገዛ ልጄ ያነበበችውን ስታወራልኝ «እንደሱ ማለት አይደለም» ያልኳትን ጊዜያት አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩና፣ ሲበዙብኝ ተውኩት።