ሰማያዊው በሬና የእትዬ ዘርትሁን ጋን

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ሚኪያስ ታደሰ
ዕድሜ፦ 19
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል (ሰባተኛን በመስኮት አይቻታለሁ ብሏል)
ሥራ፦ ሽንኩርት ጫኝ
አድራሻ፦ ሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ወንዝ ዳር
ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 4፡15 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ም/ሳጅን ሐይማኖት ዓለሙ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን የሰፈራችንን ገበሬ የጋሽ በቀለን በሬ መርዘዋል መባላቸው ሐሰት ነው። በሬውን ሰማያዊ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ዘርትሁን ነጠላ ቀለም የሚነክሩ ሴት ናቸው። ወንዝ ዳር የሚበቅል የቁጥቋጦ ቅጠል ዘፍዝፈው፣ ውሃውን በዱላ መትተው፣ ከሥር የሚዘቅጠውን ሰማያዊ ጭቃ ያወጣሉ። ጭቃውን በአመድ ውሃና በፉርሽካ ጋን ውስጥ ከድነው ያሞቁታል። ስለሚሸት "እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሞተብዎት?" እላቸዋለሁ። "አንተው ነህ፣ ሄደህ ታጠብ" ይሉኛል።

ትናንት ኅዳር 9 ቀን ከጧቱ 2፡00 ሰዓት ገደማ እሳቸው ፉርሽካ ሊገዙ ሲወጡ ከጋኑ በጣሳ ቀድቼ የጋሽ በቀለን ነጭ በሬ በጨርቅ ቀባሁት። ሐሳቤ ለቀልድ አንድ ጆሮ ብቻ ነበር። ነገር ግን ቀለሙ ብጫና አረንጓዴ ሆኖ ስለታየኝ፣ አልያዘም ብዬ አንገቱን ጨመርኩ፤ ቀጥሎም ጎኑን። ከጋን ሲወጣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ሰማያዊ የሚያደርገውም አየር እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ እያየሁት በሬው ሰማይ መሰለ።

ጋሽ በቀለ በሬው ከመስኖው ቦይ ሲጠጣ ደርሰው "ቦዩ ተመርዟል! በሬዬ ሊሞትብኝ ነው!" ብለው ጮኹ። ሊሞት ነው የተባለው በሬ በዚያን ጊዜ የሰው በቆሎ እየበላ ነበር። ከዚያም ሰማያዊ ነገር ያለው እትዬ ዘርትሁን ቤት ነው ተብሎ ጋኑ በኤግዚቢትነት ተይዞ ወደ ጣቢያ መጣ። እስከዚያ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ሳቄ የቆመው እትዬ ዘርትሁን "ጋኑ እንደ እርሾ ሕይወት አለው፣ ከቀዘቀዘና ፉርሽካ ካጣ ይሞታል፤ ሦስት ወር የመገብኩት ነው። ሃያ ነጠላ ያዘዙኝን የቅዳሜ ሠርገኞች ምን ልበላቸው?" ሲሉ ነው።

ዛሬ በሳጅኗ ፈቃድ እትዬ ዘርትሁን በዚሁ ክፍል ነጭ ጨርቅ ነክረው አወጡ። አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ጋሽ በቀለ "ይኸው መርዙ!" አሉ። እኔም "ጋሼ፣ እስከ ሃያ ይቁጠሩ፣ ካወቁ" አልኳቸው። አሥራ ሰባት ላይ ሰማያዊ ሆነ። በሳሙና ቢታጠብም አልለቀቀም።

ጋሽ በቀለ "ታዲያ በሬዬ እስከ መቼ እንዲህ ሊሆን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ጠጉሩን እስኪቀይር" አሏቸው እትዬ ዘርትሁን።

ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው ሌላኛውንም ይቀቡልኝ፤ ጥምዴ ተለያየ" አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ቅጣቱም ለእኔ ይሁን፤ ጋኑ ግን ሳይቀዘቅዝ ይመለስላቸው። የተጻፈው ተነቦልኝ ያልኩት ሁሉ ሳይጎድል ስላገኘሁት፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________

ማስታወሻ፦ አቤቱታ አቅራቢው አቤቱታቸውን አንስተዋል። ጋኑ ከቀኑ 6፡20 ሰዓት በምስክሩ ትከሻ ወደ ባለቤቱ ቤት ተመልሷል። ሲከደን ሞቅ ያለ ነበር።